በኮን ሰማይ ላይ

ንጋት የግብርና ባለሙያ ናት። አንበጣ ገብቶ እንደሆነ ከላይ ልትቃኝ ከላሊበላ ስትነሳ፣ በትንሿ አውሮፕላን ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው አብራሪ ስሙን እንኳ አልነገራትም። ፀጉሩ የሸበተ፣ የሹራቡ ክርን የሳሳ ሰው ነው። ቀኝ እጁ ከቀዩ የነዳጅ እጀታ፣ ዓይኑም ከሙቀት መለኪያው አይርቅም። እጀታውን በጥቂቱ ይስባል፤ ሞተሩን ያዳምጣል፤ መልሶ ትንሽ ይገፋዋል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችው።

«ከፍ ስንል አየሩ ይሳሳል። ነዳጁ ካልተቀነሰ ሞተሩ ይታፈናል፤ ከልክ በላይ ከቀነስኩት ደግሞ ይግላል።»

ድምፁ ቅዝቅዝ ያለ ነው፤ ለሷ ሳይሆን ለሞተሩ የሚያወራ ይመስላል።

ላስታን አልፈው ዋድላ ሲገቡ ዝቅ ብለው በረሩ። የገብሱ ማሳ ደህና ነበር። ንጋት ዝምታው ሲከብዳት አገሩን ጠየቀችው።

«ኮን።»

«ኮንማ ይኸው ከታቻችን ነው። አያዩትም?»

«ሙቀቱን ልይ» አለ።

ንጋት መለኪያውን አየችው። ቀስቱ አረንጓዴው መሃል ላይ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞራ የኮንን ገበያ ቁልቁል አየች።

ላሊበላ ተመልሰው አረፉ። አብራሪው እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳበው፤ ሞተሩም ጠፋ። ቀበቶውን ግን አልፈታም።

«ኮን ላይ፣ ከገበያው በላይ ለብቻው የቆመ ቤት አለ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «አይተሽው ይሆናል።»

«አይቼዋለሁ።»

«ጣሪያው አለ?»

ንጋት ቀበቶዋን ፈታች።

«ግድግዳው አለ» አለችው።

አብራሪው ራሱን ነቀነቀና በሩን ከፈተላት።