ተራራው ላይ ያጎረስኳት ሩዝ

ልጄ ያገባችው የሂንዱ ልጅ ነው። አገር የሚያውቀውን ደብቄ ምን አገኛለሁ። በሰርጓ ቀን ምግብ ሳይቀርብ ካፖርቴን አንስቼ ወጣሁ፤ ስዊድኖች ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሬ ሪንከቢ ሰፈር ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ሴት ልጅ ስትወልድ ግን ደወለችልኝ። ሄጄ ሕፃኗን አየኋትና እዚያው አልጋዋ አጠገብ ቆሜ «ክርስትና ትነሣ» አልኩ።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። አንተ ነው የምትለኝ፤ ቋንቋው አንቱታ ስለሌለው ለምጄዋለሁ።

«የባሌ ቤተሰቦች ደግሞ ከወተት ቀጥሎ የምትቀምሰውን የመጀመሪያ ሩዟን መቅደሳቸው ውስጥ ሊያበሏት ይፈልጋሉ» አለች። «መጀመሪያ እዚያ መጥተህ እስከ መጨረሻው ከተቀመጥክ ክርስትናውን እሺ እላለሁ። እንደ ሰርጌ በመሐል ተነሥተህ ከወጣህ ግን ሁለቱም ቀረ። አንዱ አያቷ የሌላውን ቤት የሚጸየፍባት ልጅ አላሳድግም።»

«እቀመጣለሁ» አልኩ። መቀመጥ ምን ይከብዳል ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሆስፒታል ኮሪደር ስጠርግ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ መቀመጥ ነው።

ሕፃኗ ስድስት ወር ገደማ ሲሆናት ቀኑ ደረሰ፤ የነቢያት ጾም ውስጥ ዋለ። የባሏ አባት በመኪናው ሊወስደኝ መጣ። ከስሪላንካ ጦርነት ሸሽቶ የመጣ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ሰው ነው። የሁለታችን ስዊድንኛ ተደምሮ የአንድ ሰው አይሞላም፤ ግን እንግባባለን። ከተማውን ለቀን ጥዱ ሲበዛ፣ በረዶ የለበሰ ኮረብታ በጣቱ አሳየኝ።

«ምን ጎድሏችሁ ነው እዚያ ላይ የሠራችሁት? ሽማግሌ እንዲሰበር ነው?» አልኩት።

«አምላካችን ተራራ ይወዳል» አለና ታሪኩን እየነዳ ነገረኝ። አምላካቸው ልጅ ነው። አባትና እናቱ አንዲት ፍሬ ይዘው፣ ዓለምን ዞሮ ቀድሞ ለመጣ ልጃችን እንሰጣለን አሉ። ይኼኛው ጣዎሱ ላይ ተፈናጦ በረረ። ወንድሙ ግን፣ የዝሆን ራስ ያለው ወፍራሙ፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አባትና እናቱን ዞረና «የኔ ዓለም እናንተ ናችሁ» ብሎ ፍሬዋን ወሰደ። ያ ምስኪን ዓለምን ዞሮ ሲመለስ ፍሬዋ የለችም። አኩርፎ ተራራ ላይ ወጣ።

«ወንድሙ አጭበርባሪ ነው» አልኩ።

«እኛ ብልህ ነው የምንለው።»

«አባትና እናቱስ ዝም አሉ?»

«ተከትለውት ወጡ። ለመኑት።»

«ወረደ?»

«የት አባቱ ይወርዳል! ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ነው ወደ እሱ የሚወጣው።»

ከዚያ በኋላ ወሬ አላማረኝም። ልጅ ሲያኮርፍ እንዴት እንደሆነ ለኔ አይነገረኝም።

ደረጃው ላይ አሸዋ ተበትኖበታል፤ ያም ሆኖ ክንዴን ይዞ ነው ያወጣኝ። ቤቱ ሲያዩት መጋዘን ነው፤ በሩ ላይ ብቻ ቀለም የበዛበት ግንብ ቆሟል፣ አማልክቱ ተደራርበውበታል። ጫማ አውልቁ ተባለ፣ አወለቅሁ። ይህ ለኔ አዲስ አይደለም። ነገር የተበላሸው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ጫማዬን አውልቄ በሩ ላይ ስደርስ ደወል ተደወለ። ከልጅነቱ የለመደ ገላ ባለቤቱን አያማክርም፤ ጎንበስ ብዬ መቃኑን ሳምኩት።

ቀና ስል ሰው ሁሉ ያየኛል። አንዲት አሮጊት እጆቿን አጋጥማ እንባዋ መጣ። ልጄ አፏን ያዘች። የባሏ አባት ምን እንዳሉት እንጃ፣ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «ብዙ ፈረንጅ ይመጣል፣ እንዲህ ያከበረን ግን የለም እያሉ ነው» አለኝ።

«ተሳስቼ ነው በላቸው።»

«አሁን? እንዴት ብዬ ልበላቸው?»

በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፌ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ። መንገድ ከፍተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ከኋላዬ ሴቱና ሕፃኑ ሞላ። ለመውጣት ብፈልግ የሰው ጉልበት መርገጥ አለብኝ፤ ጫማዬ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጫማ ሥር ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ባዕድ ነገር ቢሆን ኖሮ እንደ ሲኒማ አይቼው እመለስ ነበር። ያስጨነቀኝ መመሳሰሉ ነው። እነሱም መጋረጃ አላቸው። መጋረጃው ይዘጋል፣ ከውስጥ ደወል ይሰማል፣ ሕዝቡ ይጠብቃል። ሲገለጥ ሁሉም እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ የኔም እጅ ሊነሣ ሲል ጭኔ ሥር ቀበርኩት። ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጸው አምላካቸው ጦር ይዞ ቆሟል። ደረቱ ራቁት የሆነ ቄሳቸው፣ በዚያ ብርድ፣ ወተት ያፈስበታል፣ ያጥበዋል፣ ሐር ያለብሰዋል፣ ልክ እንደ ሕፃን። ቀጥሎ እሳት በሳህን ይዞ ወረደ። ሰው መዳፉን ወደ ነበልባሉ ጠጋ አድርጎ ፊቱን ይዳብሳል። ቄሱ ግንባሬን አመድ ሊቀባኝ እጁን ሲዘረጋ ማተቤን ከአንገቴ ስቤ አሳየሁት። ገባው፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አለፈኝ። አሁን አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

አላለቀም። ቄሱ ተጣርቶ አንድ ነገር አለ፤ ልጄ ሕፃኗን ይዛ ወደኔ መጣች።

«እንደ ወጋቸው የሚይዛት አጎቷ ነው፣ የእናቷ ወንድም» አለች። «እኔ ወንድም የለኝም። አንተ ነህ።»

«መቀመጥ ነው ያልሽኝ።»

«እኮ ተቀምጠህ ነው የምትይዛት።»

ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። እግሬን አጣጥፌ ስለቆየሁ ከጉልበቴ በታች ደንዝዟል። በወተትና በስኳር የተቀቀለ ሩዝ በትንሽ የብር ሳህን ቀረበ። መጀመሪያ የማጎርሳት እኔ ነኝ አሉ። ለኔ ወገን ማጉረስ ምን እንደሆነ እነሱ አያውቁም። ዝም ብሎ ምግብ ማቀበል አይደለም፤ የሰጠኸው ነገር ያንተ ምስክርነት አለበት።

ከጎኔ የተቀመጠውን የባሏን አባት «ይኼ ሩዝ ከፊቱ ቀርቧል?» አልኩት፣ ድንጋዩን በአገጬ እያሳየሁ።

እሱ ሰውዬ አልቀረበም ቢለኝ ኖሮ አምኜው እገላገል ነበር። ጳውሎስም ሳትጠይቁ ብሉ፣ ለጣዖት የተሠዋ ነው ካሏችሁ ግን አትብሉ ይላል፤ ሲነበብ ሰምቻለሁ። መጠየቄ ነው የጎዳኝ። ፊቴን አየና «ቀርቧል። ልዋሽህ?» አለኝ።

«አትዋሽ።»

ልጄ ከላይ ቆማ ታየኛለች። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ ካፖርቴን መቼ እንደማነሣ ነው የምትጠብቀው። ቄሱም ሕዝቡም ይጠብቃል። ሕፃኗ ብቻ ናት የማትጠብቀው፤ ሳህኑን አይታ እየተንጠራራች አፏን ከፍታለች። በሦስት ጣቴ ቆንጠር አድርጌ አጎረስኳት። ላመጠችው፣ ግማሹን አገጯ ላይ ተፋችው፣ ደግሞ ከፈተች። ደግሜ አጎረስኳት። እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ።

ልጄ ቃሏን ጠበቀች፤ የክርስትናው ቀን ተቆረጠ። ግን የዚያን ዕለት በስልክ የቀረጸ ነበር። በር ስስምም፣ ሳጎርስም፣ ሁሉም አለበት። ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ የንስሐ አባቴ ዘንድ ደረሰ። ጠሩኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ ደግ ሰው ናቸው።

«መቃኑን የሳሙት በስሕተት ነው» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«ሩዙንስ? ለጣዖት የቀረበ መሆኑን አውቀው ነው?»

«ጠይቄ፣ ተነግሮኝ፣ አውቄ።»

«እንግዲያው ተጸጽቻለሁ ይበሉና ቀላል ቀኖና እሰጥዎታለሁ። ስግደትም ቢሆን ጉልበትዎን አይቼ ነው።»

«አባ፣ ስግደቱን ያብዙብኝ። ተጸጽቻለሁ ግን አልልም። አልተጸጸትኩማ። ንስሐ ገብቼ ልዋሽ?»

«እንግዲያስ ይህችን ቃል እስኪሏት ከደጅ ይቁሙ» አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ማንም እንዳይሰማ ለመንኳቸው፤ አላሰሙም።

በክርስትናው ቀን ከስዊድኖች የምንከራየው ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ላይ፣ ካፖርት ከሚሰቀልበት ሥር ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። የባሏ አባት ገብቶ ጥቂት ቆየና ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከንስሐ አባቴ ሌላ ነገሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሲነዘንዘኝ ነግሬዋለሁ።

«አንድ ቃል አይደለም እንዴ? በላትና ግባ።»

«አልላትም።»

«በቅሎ ነህ።»

«ልክ ነህ።»

ከውስጥ ሕፃኗ ጮኸች። ውሃው ነው። ሳላውቀው ተነሥቻለሁ፤ የባሏ አባት የኮቴን ጫፍ ይዞ አስቀመጠኝ። ኋላ ጸጥ አለች። ዜማው ቀጠለ፤ ጭብጨባው መጣ፣ እልልታው መጣ፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ቆርጦ ቆርጦ ይደርሰኛል።

ሲያልቅ ልጄ ሕፃኗን በነጭ ጠቅልላ ወጣች። ማተቡ አንገቷ ላይ ነው፣ ፀጉሯ ገና አልደረቀም። ልጄ ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እዚህም መቀመጥ አልቻልክም?» አለችኝ። «ያንተው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?»

የባሏ አባት አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ጨበጥኩት። በሩዙ ምክንያት ነው ብላት፣ ያቺን ልጅ ዳግመኛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደማታደርሳት አውቃለሁ።

«ሙቀቱ በዛብኝ» አልኩ።

ሕፃኗን ለባሏ አባት አቀብላ ካፖርቷን ፍለጋ ሄደች።

እስካሁን አልነገርኳትም። እዚህ የጻፍኩት አማርኛ ስለማታነብ ነው።