ለማኅበር የታረደው ዋልያ

ፊደል ያስተማረኝ የለም። ጎንደር ከተማ ድንጋይ ተሸካሚ ሳለሁ በየሱቁ በር ላይ የተጻፈውን እያየሁ፣ አላፊ አግዳሚውን «ይህ ምን ይላል?» እያልሁ ነው የለየሁት። ልጆቼ ትምህርት ቤት ገብተው ሲያንቀላፉ የምቆጣቸው ስለዚህ ነው። የማይጠይቅ ሰው ዓይን እያለው ዕውር ነው።

ይህ ጠባዬ እንጀራም አበላኝ። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ለእግሩ የማይሳሳ ሰው ሲፈለግ ስሜን ላይ የዱር አራዊት ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርሁ።

ዋልያ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን ያየሁት የአንድ ሰው እግር በማያሳርፍ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ከበታቹ ደመና ተኝቶ፣ እንደ በረት ከብት ሲያመሰኳ ነው። ለምን አይወድቅም? ያልጠየቅሁት ሰው የለም። የመለሰልኝ ከገደሉ አፍ ላይ የሚኖር አንድ ገበሬ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «አያ» እለዋለሁ።

«የሰኮናው ዳር እንደ ድንጋይ ነው፤ መሐሉ ግን እንደ መዳፍ ልስልስ ነው። ገደሉን ይጨብጠዋል» አለኝ።

«አያ፣ መሐሉን በምን ነካኸው?»

«አንተ ሰው፣ ጥያቄህ እንደ ቁንጫ ነው፤ ይገባል እንጂ አይወጣም!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። ዋልያ ማደን ክልክል ነው። ከገደል ወድቆ ሞቶ ከተገኘ ግን ቆዳና ቀንዱ ለመንግሥት ይቀርባል እንጂ ያገኘው ሰው አይከሰስም። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ ያሳረፈበት እንዳደነ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም አዳኞች በውሻ እያባረሩ ከገደል ይጥሉትና «ራሱ ወደቀ» ይሉ ነበር። ይህን ደንብ በየመንደሩ እየዞርሁ ነገርሁ። ለአያም ነገርሁት።

አንድ ጊዜ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ተራ ለአያ ደረሰ። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በየተራ አንዱ ቤት ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። እኔ አባል አልነበርሁም፤ «እንግዳ ነህና ና» ብሎ ጠራኝ። ሄድሁ። የፍየል ነው የተባለ የሥጋ ወጥ ቀረበ። ገና ስጎርስ ጦስኝ ጦስኝ አለኝ፤ ገደሉ ጫፍ ላይ የሚበቅለው ጦስኝ።

«ይህ የምን ፍየል ነው?» አልሁ።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ «ገደል የምትወጣ ፍየል ናት» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሽማግሌው ቄስ ጆሯቸው ስለደከመ አልሰሙም፤ ባርከው በሉ። እኔ ግን አወቅሁ። አውቄም ደግሜ ጎረስሁ። አያ ለምን እንደጠራኝ የገባኝ ኋላ ነው፤ አብሮ የበላ አፍ አይከስስም ብሎ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከምንጩ በታች ውሾች አንድ ቆዳ ሲጎትቱ አገኘሁ። ቀንዶቹ በድንጋይ ተከድነው ነበር። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እንዲያ ማድረግ ፈልጌ እንደነበር አልደብቅም። ግን ልጆቼን ስለ እውነት የምገርፍ ሰው ነኝ። ቆዳውን ተሸክሜ አያን ፍለጋ ሄድሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከቄሱ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት።

«አያ፣ ይህ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ሳይደነግጥ። «ከገደል ወድቆ ሞቶ አገኘሁት። ደንቡን የነገርኸኝ አንተው ነህ።»

ደስ አለኝ። እሱ ነጻ ከወጣ የእኔም አፍ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ «ሞቶ የተገኘ» ብዬ ጻፍሁ።

ቄሱ ቆዳውን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ምንድን ነው የሚለው?» አሉኝ። ጮክ ብዬ ነገርኋቸው።

«ሞቶ?» አሉ። «ለሚካኤል ያበላኸን ይህን ነው? ልጄ፣ በክት ነው ያበላኸን? እኔኮ በማግሥቱ ቀድሻለሁ!»

አያ ቆዳውን አየ፤ ቄሱን አየ። ሳይታረድ የሞተ ሥጋ የበላ ንስሐ ይገባል፤ ማኅበርተኛን በክት ያበላ ሰው ቤት ግን ማን ይቀመጣል? ማን ከእጁ ይቀበላል? «ሞቶ አገኘሁት» ካለ ከወህኒ ይድናል፤ ከሰው ግን ይወጣል። «አርጄዋለሁ» ካለ ሥጋው ንጹሕ ይሆናል፤ እሱ ይታሰራል። ምን ይል ይሆን ብዬ እስክሪብቶዬን እንደያዝሁ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«ሰርዘው» አለኝ።

«የቱን?»

«ሞቶ የሚለውን። ውሾቼ ጠርዝ ላይ አስጨንቀው ጣሉት። እግሩ ተሰብሮ ሳለ ደረስሁና በስመ አብ ብዬ፣ ወደ ምሥራቅ አዙሬ አረድሁት። ደሙ ፈሷል፣ አባቴ። ንጹሕ ነው የበላችሁ።»

ቄሱ አማትበው ተቀመጡ። እኔ ሰረዝሁ።

ጉዳዩ ጎንደር ይታይ ስለተባለ በጭነት ማኪና አብረን ወረድን፤ ቆዳው በመካከላችን ተጠቅልሎ። መንገዱን ሙሉ ጠየቅሁት።

«ምነው ፍየልህን ብታርድ?»

«የቷን ፍየል? በሽታ ጨረሳቸው እኮ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለተራ በግ አረደ። እኔ ዳቦና ጠላ ላቅርብ?»

«ድሮ ማኅበር በዳቦና በጠላ አልነበረም?»

«ድሮ ሰው አያማም ነበር።»

«ነፍሱ መኖሯንስ በምን አወቅህ?»

ጥቅሉን በእግሩ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። «ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ልክ እንደ አንተ፤ ጥያቄ ያለው ይመስል ነበር።»

ከዚያ በኋላ እስከ ጎንደር አልጠየቅሁትም።

ዳኛው ፊት ሁሉንም አመነ። «ሥጋውን እነማን በሉ?» ሲባል በቄሱ ጀምሮ ማኅበርተኞቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ሁሉም ሳያውቁ እንደበሉ ተናገረ፤ ያ ቀልደኛው እንኳ ሳይቀር።

«ሌላስ?» አሉ ዳኛው።

አያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። «ሌላ የለም።»

አፌን ሊያስይዘኝ የጠራኝ ሰው አሁን ሊያድነኝ ነው። ቆዳውን ታቅፌ ቆሜ ሳለ ጉሮሮዬ ላይ ጦስኙ መጣብኝ።

«ጌታዬ፣ አንድ ሰው ቀርቷል» አልሁ። «እኔም በልቻለሁ። ዋልያ መሆኑን እያወቅሁ ነው የበላሁት።»

ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። አያ በሹክሹክታ «ምነው ዝም ብትል! ዘልዬህ የለም?» አለኝ።

እሱ ስድስት ወር ወህኒ ወረደ። እኔ ከሥራ ታገድሁ፤ ስድስቱን ወር ተመልሼ ድንጋይ ተሸከምሁ። ለምን እንደሆነ ልጆቼ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ከዚያ ወዲህ ስቆጣቸው ዓይኔን እያዩ ነው የሚሰሙኝ፤ ይህ ለአባት ሸጋ ነገር አይደለም፤ ግን ይገባኛል።

እኔን የሚተካ ሰው ስላልተገኘ ወደ ስሜን መለሱኝ። ቄሱ ማኅበሩን ሰብስበው ሥጋ እንዳይቀርብ በግዝት ከልክለው ቆዩኝ። አደን በዚህ ቆመ አልልም። ለተራ ተብሎ የሚታደነው ግን በዚያ መንደር ቀረ፤ የእኔ ቁጣ ለብቻው ያንን ባላደረገ ነበር።

የአያ ተራ ዳግመኛ ሲደርስ ጠራኝ። ቤቱ ሙሉ ነበር። ዳቦው ተቆርሶ ሲሰጠኝ ሁሉም እጃቸውን ከመጉረስ አቁመው አዩኝ፤ እኔም ልማዴ ሆነና፣

«ይህስ የምን ነው?» አልሁ።

«ገብስ ነው» አለ አያ። «ገደል አይወጣም።»