ማር የነካው አውራ ጣት

ነርሷ መርፌውን ነቅላ ትንሽ ጥጥ ክንዴ ላይ አደረገችና፣ «ይያዙት እማማ፣ ጫን አድርገው» አለችኝ። ያዝኩት። የአልኮሉ ሽታ ከጥጡ ተነሥቶ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ከዚህ ከቱሉ ዲምቱ ጤና ጣቢያ ወንበር ሳልነሣ አቃቂ፣ የድሮው ሰፈራችን ገባሁ። የልጅ ልጄ ወረቀት ይዛ መድኃኒት ፍለጋ ወጥታለች፤ እዚህ የለም ብለዋት። እሷ እስክትመለስ አጠገቤ ለተቀመጥሽው ለአንቺ ላጫውትሽ ልጄ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ሥር ነበር። ሰዓት አናውቅም፤ ጡሩምባው ሲነፋ እንነሣለን፣ ሲነፋ ራት እንጠብቃለን። ጎረቤታችን እዚያው ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ማታ ሲገባ የጥጥ ብናኝ ጠጉሩ ላይ ሰፍሮ፣ ገና ጎልማሳ ሳለ ሽማግሌ ይመስላል። ደረቱ ላይ ቁጥር ያለው የነሐስ ምልክት ያንጠለጥላል። በዚያ ምልክት እሱም፣ ሚስቱም፣ አንዲት ልጁም ፋብሪካው ክሊኒክ በነጻ ይታከማሉ። አባቴ ደግሞ ከወንዙ ውኃ በቆርቆሮ እየቀዳ፣ በአህያ ጭኖ ለሰፈሩ የሚሸጥ ሰው ነው። ከእኛ ቤት ምልክት ያላት አህያዋ ብቻ ነበረች፣ እሷም ጆሮዋ ላይ።

ልጅቱ እኩያዬ ናት። ጉልበቷ በተጫረ ቁጥር ክሊኒክ ገብታ በነጭ ፋሻ ተጠቅልላ ትወጣለች። ደጃፋቸው ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና፣ ቀረብ ስል፣ «አትንኪው፣ የሐኪም ነው» ትለኛለች። ያ ፋሻ ቆሽሾ እንኳ ያምር ነበር። ሰው በሌላው ጤና ይቀናል፤ እኔ በሕመሟ ነበር የምቀናው። ሲያስላት የሚሰጧትን ቀይ ሽሮፕ ከማንኪያው ላይ ስትልስ እያየሁ፣ ለእኔም ሳል አምጣልኝ ብዬ ወደ ሰማይ አንጋጥጫለሁ።

እግዜር አንዳንዴ ይሰማል። የላከልኝ ግን ሳል አልነበረም። ሐዲዱ አጠገብ ስንጫወት የዛገ ቆርቆሮ ቁርጭምጭሚቴን ቆረጠኝ። እናቴ ቡና ወቅጣ ነሰነሰችበት። መጀመሪያ የደረቀ መሰለ፤ ኋላ አበጠ፣ መግል ቋጠረ፣ እግሬ ዱባ አከለ። አባቴ ጎህ ሳይቀድ አህያዋ ላይ አስቀምጦ ከተማ፣ ትልቁ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ወጥቷል። ወደ ማታ ሲደርሰን ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወረቀት ጻፈና፣ ይህን ገዝታችሁ ኑ አለ። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እዚያው ኪሱ ውስጥ አረጀ። የሰፈሩ ወጌሻም እግሬን ዳብሶ፣ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ካልታከመች መቆረጡ አይቀርም አለ።

ይኼኔ አባቴ ጎረቤታችን ዘንድ ሄደ፤ እኔን ታቅፎ። ልጄ ናት ብለህ አስገባልኝ አለው። ሰውየው ደግ ነበር፣ ግን ቆራቢ ነው፤ ውሸት ከአፉ አይወጣም። አንገቱን ደፍቶ፣ ዘበኛው ልጅህ ናት ወይ ቢለኝ አዎን ማለት አልችልም አለ። አባቴ ተቆጥቶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቁጭ እንዳለ፣

«እንግዲያው ጡት አጥባት» አለ።

የጡት ልጅህ አድርጋት ማለቱ ነው። ያኔ ሰው የሌላውን ልጅ ልጁ ሲያደርግ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሽማግሌ ፊት ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ነው፣ አለቀ። ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሰውየው ጣቱን ነክሮ አፌ ውስጥ አደረገው። ከማሩ ሥር የማሽን ዘይት ቀመስኩ። አባቴ በሩ ጋ ቆሞ ውጭ ውጭውን ያያል። ልጅቱ ምሰሶው ጀርባ ናት።

«እኔን አጥብቶኝ አያውቅም» አለች፣ ቀስ ብላ።

በማግሥቱ ሰውየው አዘለኝ። ልጅቱ የኮቱን ጫፍ ይዛ ትከተላለች። አባቴ ውኃ የጫነችውን አህያ እየነዳ ከኋላችን ነው። የፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው አስቆመን።

«ልጅህ አንድ አልነበረችም እንዴ?»

«ሁለት ናቸው።»

«ይቺን መቼ ወለድካት?»

«ትናንት።»

ዘበኛው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። «ትናንት ተወልዳ ዛሬ ይህን ሁሉ ጥርስ» ብሎ ሳቀና በሩን ከፈተ። ያገሩን ወግ ያውቃል፣ የገባው ይመስለኛል።

ቁስል የሚያክመው ድሬሰር መግሉን አፍስሶ፣ በዚህ በአልኮል ጥጥ ጠርጎ፣ መርፌ ወጋኝ። ከዚያ ነጩን ፋሻ ጠቀለለልኝ። አላለቀስኩም፤ ልጅቱ እንድታየኝ ቸኩዬ ነበር። ዓይኗ ግን ፋሻው ላይ አላረፈም፤ አባቷ ጭንቅላቴ ላይ ያሳረፈው እጅ ላይ ተተክሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እግሯ ምንም ሳይሆን ታነክስ ጀመር። ኋላ እህቴ ሆና ኖራ፣ እኔው ነኝ የቀበርኳት። ያን ማር ግን እስከ መጨረሻው አልረሳችልኝም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ከበሩ ስንወጣ ሰውየው፣ ደህና ነሽ ልጄ አለኝ። «ደህና ነኝ አባባ» አልኩት። አባቴ ከአህያዋ አጠገብ ሆኖ ሰማ። ሰውየውን እጅ ነሥቶ አመሰገነና፣ ከቆርቆሮዎቹ አንዱን አውርዶ በእጁ አንጠለጠለ፤ እኔን በቦታው አስቀመጠኝ። እግሬም ተረፈ፤ ጠባሳው ይኸው ቀሚሴ ሥር አለ።

ሰፈር ሳንደርስ፣ አጥሩ በሚታጠፍበት፣ አህያዋን አቆመ። ግራ ቀኙን ቃኘ። እኛ ቤት ማር አልነበረም። አውራ ጣቱን ቆርቆሮው ውኃ ውስጥ ነክሮ ወደ አፌ አመጣው።

«ጥቢ» አለኝ።

ጠባሁ። ዝገት ዝገት ይል ነበር።

ነርሷ ደሙ ቆሟል፣ ጥጡን ይጣሉት እያለችኝ ነው። ትንሽ ልያዘው።