ከውሃ በኩል የሚመጡት

ወንዳፍራሽ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ከጎጃም ተመድቦ ጋምቤላ ሲመጣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየ። ጡረታ ሲወጣ ቀበሌው ከኢታንግ አለፍ ብሎ ባሮ ዳር ግማሽ ሄክታር መሬት እንዲያለማ ሰጠው። ሲሰጠው ግን በመሬቱ ሰበብ ሰው ከተጎዳ ወይም ጠብ ከተነሣ መልሶ እንደሚወስደው ነግሮታል።

ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል፣ ውሃው በለቀቀው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎ ዘራ። እሸቱ ሲቃረብ ከርከሮ ገባበት። ወንዳፍራሽ እርሻው መሀል በሰው ደረት ልክ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሮ በሸምበቆና በሣር ሸፈነው። ሥራን በሥርዓት መጨረስ ልማዱ ነውና በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ «ጉድጓድ አለ፤ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ጽሑፉ ቀይ ነው፤ ከሩቅ ይነበባል።

በሳምንቱ ጉድጓዱ ውስጥ የወደቀችው ኛቦል ናት። የአራት ልጆች እናት ናት፤ ቤቷ ከእርሻው ማዶ ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን አናቷ ላይ ተሸክማ ከወንዙ ስትመለስ በበቆሎው መሀል አቋርጣ ነበር። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ።

ወንዳፍራሽ ድሮ ያስተማራት ሶልያና ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጠበቃ ናት። ደወለላት።

«ቲቸር፣ አጥር አለ?»

«በመንገዱ በኩል አለ። ሰሌዳም ሰቅያለሁ።»

«እንግዲያው የሚቀረው አንድ ነገር ነው። ሰው በዚያ እንደሚያልፍ ያውቁ ነበር? ካላወቁ፣ ሳይፈቀድላት የገባችው እሷ ናት። ካወቁ ግን ሰው በሚሄድበት ላይ ወጥመድ አኖሩ ማለት ነው።»

ወንዳፍራሽ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«አላውቅም ይበሉ አላልኩም» አለች ሶልያና።

«እሱንም ሰምቻለሁ።»

ያውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሦስተኛውና በአራተኛው መስመር መካከል ከጀሪካን የተንጠባጠበ ውሃና የባዶ እግር ዱካ ያይ ነበር። በወንዙ በኩል ማጠር አስቦ፣ የሚሸሽ ውሃ ዳር አጥር ምን ያደርጋል ብሎ ተወው። ያንን ዱካ ከእሱ በቀር ያየ ሰው ግን አልነበረም።

ጉዳዩ ቀበሌው ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተሰማ። ሰብሳቢው አቶ ሆት ናቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ለዳኝነት አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ኛቦል በጀሶ የታሰረ እግሯን በርጩማ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች፤ የሚናገርላት ወንድሟ ዳክ ነው። ወንዳፍራሽ ሰሌዳውን ነቅሎ ይዞ መጥቷል።

ዳክ ሰሌዳውን አገላብጦ አየው። «መምህር፣ ይሄ የት ነበር?»

«በመንገዱ በኩል፣ አጥሩ ላይ።»

«ከመንገድ የሚመጣ እንግዳ ነው። እኛ ከውሃ ነው የምንመጣው። ደግሞ ኛቦል ፊደል አታውቅም። ከርከሮው ግን ሳያነበው አልቀረም፤ እስከ ዛሬ አልወደቀም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንዳፍራሽም ፈገግ ሊል ቃጥቶት ተወው።

«በቃ!» አሉ አቶ ሆት። «መምህር፣ መሬቱ እንዴት እንደተሰጠህ ታውቃለህ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሴቶቹ በዚያ እንደሚያልፉ ታውቅ ነበር?»

ወንዳፍራሽ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገው።

«አውቅ ነበር።»

ዳክ ለመከራከር ያዘጋጀው ነገር ነበረው፤ አላስፈለገውም። ዳኞቹ ተነጋገሩ። ማሳከሙ የእሱ ነው ተባለ፤ ጉድጓዱም ይደፈን ተባለ። የመሬቱ ጉዳይ ላይ ሲደርሱ አቶ ሆት ወደ ኛቦል ዞሩ። የተጎዳው ሰው ሳይጠየቅ ነገር አይዘጋም።

ኛቦል በኑዌር ቋንቋ ተናገረች፤ ዳክ ሳይወድ ተረጎመው። «መሬቱን ብትወስዱበት እኔ ምን አገኛለሁ ትላለች። መንገዱን ይስጠን ትላለች። እስክትድን ደግሞ ውሃዋን እሱ ያምጣ ትላለች።»

«አናቱ ላይ ተሸክሞ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«በጋሪም ይሁን» አለች ኛቦል፣ አሁን በአማርኛ።

ዳኞቹም እንዳለችው ወሰኑ። በማግስቱ ወንዳፍራሽ ውሃውን ለኛቦል አድርሶ ተመለሰና ለመንገዱ የተወሰኑትን ሦስት መስመሮች በማጭድ ማጨድ ጀመረ። በቆሎው ገና ለእሸት አልደረሰም። ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርስ ሴቶቹ በወደቀው አገዳ ላይ እየረገጡ ማለፍ ጀመሩ። «ማሌ፣ መምህር!» ብለው ሰላምታ ሰጡት። የመጨረሻዋ ጎንበስ ብላ አንድ አገዳ አነሣች፤ በጥርሷ ልጣ እያኘከች ወደ ወንዙ ወረደች።