የዝናሽ «በቅርቡ»

ዝናሽ ንፋስ መውጫ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ሃያ አምስት ዓመት ሞላት። ወገቧ ከወንበሩ፣ ወንበሩም ከወገቧ ተሰላችተዋል። ስድስት ርዕሰ መምህር ተቀያይሮባታል፤ የማይቀየረው የተማሪዎቹ ጋዜጣ ብቻ ነው። በየመንፈቁ እሷ ትተይበዋለች፣ ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ይነበባል፣ አንድ ቅጂ ከእሷ ቁም ሳጥን ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚጎበኘው አቧራ ነው።

ዘንድሮ ግን ከጋዜጣ ክበቡ ሃይማኖት የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ መጣች። አገሯ ከከተማው በእግር አምስት ሰዓት ያስኬዳል፤ ከሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቋን ከቤቷ እያመላለሰች ትማራለች። ስለ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ ልጽፍ ነው ብላ አሮጌዎቹን ጋዜጦች ጠየቀች። ዝናሽ እያቃሰተች አወጣችላት።

ልጅቱ ሦስት ቀን አቀርቅራ ከረመችና ያገኘችው አንድ ቃል ሆነ፤ «በቅርቡ»። ማደሪያው በ1993 በቅርቡ ይሠራል። በ1999 በቅርቡ ይመረቃል። በ2006 የተቋረጠው ሥራ በቅርቡ ይቀጥላል። ውኃውም በቅርቡ፣ ቤተ ሙከራውም በቅርቡ። የጸሐፊው ስም ይለወጣል፣ ወረቀቱ ይለወጣል፣ ቃሉ ያው ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው።

ዝናሽን አልገረማትም። ቃሉ ከማን እጅ እንደወጣ ታውቃለች። ተማሪ ሲጽፍ ቀን ይቆርጣል፤ «እስከ መስከረም» ይላል፣ «ከፋሲካ በፊት» ይላል። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቀን ከጻፍን እንጠየቅበታለን፣ «በቅርቡ» አድርጊው አሏት። አደረገችው። የኋለኞቹ ሳያዟትም አደረገችው፤ የለመደ እጅ ፈቃድ አይጠይቅም።

ሃይማኖት አንድ የደበዘዘ ወረቀት አስጠጋችላት። የ1995 ነው፤ ከሥሩ «ታንጉት፣ 10ኛ ክፍል» ይላል። የሃይማኖት እናት ናት። ታንጉት ያኔ፣ ማደሪያው በዚህ ዓመት ካልተከፈተ ትምህርቴን ለመተው እገደዳለሁ ብላ ነበር የጻፈችው። የወጣው ግን «ማደሪያው በቅርቡ ስለሚከፈት ደስ ብሎናል» የሚል ነው። የታንጉት አባት ጋዜጣውን አስነብበው ሲሰሙ፣ እንግዲያው ሲከፈት ትመለሻለሽ ብለው ከቤት አስቀሯት። አልተመለሰችም።

«እትዬ ዝናሽ፣ እናቴ ይኸን እኔ አልጻፍሁም ትላለች። ማን ጻፈው?»

ዝናሽ መነጽሯን አወለቀች። መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ጉልበቷ አልቋል።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ልጅቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለ ነበር። የራሷን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የተከራዩትን ክፍል ባለቤቱ ለጥር እንደሚፈልገው፣ እስከዚያ ማደሪያ ካልተገኘ እሷም ትምህርቷን ትታ እንደምትሄድ ጽፋለች። የአሁኑ ርዕሰ መምህር ጌታነህ ጥርን በቀይ ሰርዞ፣ ከዳር ያችኑ ቃል አስፍሯል። ዝናሽ ቀዩን እንዳላየች አልፋ፣ ልጅቱ እንደጻፈችው አድርጋ ተየበችው።

ጨርሳም ልቧ አላረፈም። እውነት ተነበበ ተብሎ ማደሪያ አይሆን። ልጆቿ ከወጡ ወዲህ ባዶዋን የምትውል አንዲት ጓዳ አለቻት፤ ልጅቱን፣ እኔ ጋ ማደር ትችያለሽ አለቻት።

ሃይማኖት ቀና ብላ በጥርጣሬ አየቻት።

«መቼ?»

ዝናሽ አፏን ከፈተች። ያ ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ዛሬ» አለች። «ስንቅሽን ይዘሽ ነይ።»