በአንድ መስመር የታሰሩት አሥሩ ጥጆች

ጂቪቤን የአጎቴ ሚስት ነበሩ፤ ካኪ እያልኩ እጠራቸው ነበር። ያረፉት ባለፈው ክረምት፣ ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ዕድሜያቸው በወረቀት ስድሳ አንድ ነው፤ በራሳቸው አነጋገር ደግሞ «መንደሩ የውሃ ፓምፕ ሳይኖረው የተወለድኩ» ነበሩ። ሁለቱንም መዝገቤ ላይ አስፍሬያለሁ።

በመንደራችን በካንጂፑራ፣ በወተት ማኅበራችን በረት ለሠላሳ አንድ ዓመት ጥጆችን ወተት ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ጥጆቹን እንደ ሰው ይቆጧቸዋል፤ ሰውን ግን እንደ ጥጃ ጆሮውን ይዘው ይጎትታሉ።

አንድ ዓመት ዶክተር ቫጌላ የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም የተልባ ዘይት ይዞ መጣ። በዘይቱ ውስጥ ያለው ኦሜጋ ሦስት የሚሉት ስብ ጥጆችን ከተቅማጥ ያድን እንደሆነ ሊፈትን ነው። አሥር ጥጆች በዕጣ ተለዩ። አንገታቸው ላይ ቀይ ክር ያላቸው አምስቱ በወተታቸው ውስጥ በቀን ሁለት ማንኪያ ዘይት ያገኛሉ፤ ነጭ ክር ያላቸው አምስቱ ወተት ብቻ ይጠጣሉ። ዶክተሩም አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ እያደረገ በአንድ መስመር አሰራቸው። እኔ መዝጋቢ ነበርኩ፤ በየእሑዱ እየመጣሁ በጠርሙሱ የቀረውን እለካለሁ።

ከሁሉም ያነሰችው ቻክሊ ነጭ ክር ደረሳት። ባለፈው ዓመት እህቷ በተቅማጥ ካኪ ጭን ላይ ሞታ ነበር።

«ልጄ፣ ለዚህች ቀይ እሰርላት» አሉት ካኪ።

«አይቻልም ጂቪቤን፣ ዕጣ ነው።»

«ድገመዋ! ይቺ ከሞተችብኝ ሁለተኛ ባልዲ አላነሳም።»

«ያልጠጡ ከሌሉ ዘይቱ መጥቀሙን በምን አውቃለሁ?»

«የጠጡትን ጠይቃቸው።»

ስምንት ሳምንት አለፈ። ጠርሙሱ በየእሑዱ ልክ ነበር፤ አንድ ማንኪያ አልጎደለም፣ አልተረፈም። በመጨረሻው ቀን ጥጆቹን መዘንን። ቀዮቹና ነጮቹ በተቅማጥም በክብደትም እኩል ወጡ፤ እንዲያውም ነጮቹ በአማካይ በሁለት መቶ ግራም በለጡ። ቻክሊ አንድም ቀን አልታመመችም፤ የዶክተሩን ሸሚዝ ጫፍ እያኘከች ነበር።

ዶክተሩ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። «በቃ፣ ውሃ ነው። ነገ ዘይቱን ሰብስቤ እወስዳለሁ።»

ካኪ ቻክሊን አዩ፤ ወተት ለመተው ገና አንድ ወር ይቀራታል።

«ዘይትህን አትስደብ» አሉ። «ሁሉም ጠጥተዋል።»

«ማን ሁሉም?»

«አሥሩም! በመስመር ያስቀመጥካቸው አንተ። ድግስ ላይ በመስመር ለተቀመጠ ሰው ምግቡ ላይ ቅቤ ስታፈስ አንዱን ትዘላለህ? የባሌ አጎት አንድ እንግዳ ዘለለ፤ ሁለቱ ቤቶች እስከ ዛሬ አይጠራሩም። እኔ እዚያ ቀይ ላይ አፍስሼ ነጩን ዓይን ዓይኑን እያየሁት ልለፈው?»

«ጠርሙሱ ግን ልክ ነበር!» አልኩ።

«ምን ይጎድላል? የቀዩን ሁለት ማንኪያ አንድ ለሱ፣ አንድ ለጎረቤቱ። ጠብታ አልነካሁም፤ አትኮሳተርብኝ።»

ዶክተሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ቻክሊም አንድ ማንኪያ ብቻ?» አለ።

ካኪ የበረቱን ጣራ አዩ። «ለሷ ትንሽ ምርቃት አልቀረባትም።»

«ጠርሙሱ ልክ ከሆነ ከማን ተቀንሶ?»

«ከዚያ ሆዳም፣ ከቁጥር ሦስት። እሱ መች ያውቃል?»

ዶክተሩ ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። «እነዚህ ከእንግዲህ ለፈተና አይሆኑኝም። እስኪያድጉ ይጠጡት። በሚቀጥለው ግን ሁለት በረት፣ መሐሉ ግድግዳ!»

«ግድግዳ ካለ ምን ቸገረኝ» አሉ ካኪ። «እኔ ዘይት ያለበትን እይዛለሁ። ያኛውን ለዚህ ስጠው» ብለው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ፣ «ሆዱ ይጨክናል።»

ቻክሊ ወተት እስክትተው ድረስ ዘይቷን ጠጣች። ከቁጥር ሦስት በድምሩ ስንት ማንኪያ እንደተቀነሰበት ብዙ ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ አልነገሩኝም፤ በመዝገቤ ላይ ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው።