ቸርኬ መቺው ይርጋ

ይርጋን አልወደውም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዛሬ ስለ እሱ ደግ ደጉን ብቻ የሚያወሩ የመንደራችን ሰዎች ያኔ ምን ይሉት እንደነበር ስለማውቅ ነው። ውሻ ይሉት ነበር። እኔም ብዬዋለሁ። ከማለትም አልፌ ፊቱን በድንጋይ መትቼዋለሁ፤ እዚያ ላይ እደርሳለሁ።

ይርጋ ወጣትነቱን የጨረሰው ይርጋጨፌ አካባቢ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሲሠራ ነው። የመፈልፈያው ማሽን የግራ እጁን ሦስት ጣቶች በላበት። ከዚያ ወዲያ ጆንያ መሸከም ስላልቻለ የገበሬ ማኅበራችን ቸርኬ መቺ አደረገው። ቸርኬው ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ነው፤ ጉብታው ላይ ካለው ዋንዛ ቅርንጫፍ በሽቦ ተንጠልጥሎ በብረት ዘንግ ሲመታ ድምፁ እስከ ወንዙ ይሰማል። የይርጋ ጎጆም እዚያው ጉብታው ላይ፣ ታሽጎ የስብሰባ አዳራሽ ከተደረገው ጸሎት ቤታችን አጠገብ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲናገርም መሬት መሬት እያየ ነው። የሚደብቀው ነገር ያለ እየመሰለኝ ያናድደኝ ነበር።

እኛ የምንኖረው ከጉብታው ማዶ ነው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መንደር ምሥረታ ተብሎ ከየማሳችን ተነቀልንና ጋራው ሥር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ በመስመር ስፈሩ ተባልን። ለቤቱ ማገር ተብሎ ከበላያችን ያለው ደን ተመነጠረ። ከቤታችን በታች ሸለቆው አለ፤ ከሸለቆው ወዲያ ጉብታው። ሸለቆውን እንሰትና ቡና ሞልቶታል፤ ሰው ገብቶ ዝም ካለ ሦስት እርምጃ ላይ ሆነህ አታየውም።

በዚያው ዓመት ከዲላ አንድ ባለሙያ መጥቶ አዳራሹ ውስጥ ስለ አደጋ አስተማረን። ጋራ ብቻውን አደጋ አይደለም፣ ዝናብም ብቻውን አይደለም፣ ዛፉን መንጥረን ከሥሩ ስንሰፍር ነው አደጋ የሚሆነው አለን። ሊቀመንበሩ ከፈለኝ ይህን ሲሰማ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሰውዬው ግን አላቆመም። ምንጭ ከደፈረሰ፣ መሬት ከተሰነጠቀ፣ ቀጥ ያለው ዛፍ ካዘመመ፣ የቤታችሁ በር አልገጥም ካለ ቆማችሁ አትጠብቁ አለ። ቸርኬው ሦስት ጊዜ ከተመታ ስብሰባ ነው፤ ሳያቋርጥ ከተመታ ግን ዕቃ ሳታነሱ ሸለቆውን ተሻግራችሁ ጉብታው ላይ ውጡ ብሎ ሁለት ጊዜ አለማመደን። ሽማግሌው ሳይቀር እየሳቀ ሮጠ። ታናሽ ወንድሜ ወንድይራድ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ቸርኬውን በመዳፉ መታው። ይርጋ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከወር በኋላ ቸርኬው ሳያቋርጥ ተመታ። ሰማዩ ላይ ደመና የለም፤ እኛ ግን እንደተማርነው ሮጥን። ጉብታው ላይ ስንደርስ ከአዳራሹ ጀርባ ወታደሮች ወጡ። ለብሔራዊ ውትድርና የተጣለብን ኮታ ጎድሎ ኖሯል። ወንድይራድ እንደ ልማዱ ቀድሞ ደርሶ ነበርና ቀድሞ ተያዘ። ሊያመልጥ ሲል አፉን በሰደፍ አሉት፤ ጥርሱ ከነደሙ ሣሩ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። አሥራ አራት ልጆች በገመድ ተጠፍረው መኪና ላይ ተጫኑ። እናቴ ከጎማው ሥር ተኛች፤ በፀጉሯ ጎትተው አነሷት። ይርጋ ዘንጉን እንደያዘ ቆሟል። «ሊቀመንበሩ ምታ አለኝ፣ መታሁ»፤ ከዓመት በኋላ ስጠይቀው የነገረኝ ይህችን ብቻ ነው።

ወንድይራድ አልተመለሰም። የት እንደወደቀም የነገረን የለም። እናቴ በዚያው ክረምት አረፈች።

እንግዲህ እኛም የራሳችንን ዝግጅት አደረግን። ቸርኬ ሲጮህ ወንዶቹ ሸለቆ ይገባሉ፤ ሁሉም የየራሱ እንሰት፣ የየራሱ ጉድጓድ አለው። ባሌ ጉግሳ የሚደበቅበትን ቦታ ደረቅ ቅጠል ያነጠፍኩለት እኔ ነኝ። ባለሙያው ካለማመደን በተሻለ ተለማመድን ማለት ይቻላል፤ ድምፁ ከተሰማ ሃያ እስኪቆጠር ድረስ አንድ ወጣት ወንድ ሜዳ ላይ አይገኝም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ስድስት ቀን ሳያባራ ጣለ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ትንሽ ጋብ ሲል ይርጋ ብቻውን ከበላያችን ያለውን ቁልቁለት ሲዞር አየሁት። መሬቱን እያየ ይሄዳል፤ ይጎነበሳል፤ ክንዱን የሆነ ነገር ውስጥ ይከታል። ለአፈሳ የሚሆን መንገድ እየሰለለ ነው ብዬ ለጎረቤቶቼ ነገርኩ። የእኔ ቤት በር ከሁለት ቀን ጀምሮ አልገጥም ብሎኝ በእግሬ እየገፋሁ ነበር የምዘጋው። ምንጫችን ቀይ ሆኗል። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ባለሙያው ያለውንም አልረሳሁም። ግን ያን ትምህርት ከወንድሜ ጥርስ ለይቼ ማሰብ አልቻልኩም።

ይርጋ ከፈለኝ ዘንድ ሄደ። የይርጋ ሚስት እትዬ ዘነቡ እንደነገረችኝ፣ መሬቱ ክንድ የሚያስገባ ያህል ተከፍቷል፣ ሰዉን ዛሬውኑ እናውጣ አለው። ከፈለኝ የሚጨነቀው በሌላ ነገር ነበር፤ በማግስቱ ከአውራጃው አዲሱን መንደር ሊጎበኙ ይመጣሉ።

«መንደሩን ባዶ አድርገህ ልታሳይብኝ ነው?» አለው። «ይህን የሚያደርግ ፀረ አብዮተኛ ነው።»

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ይዘውት ወጡና ከአዳራሹ ጀርባ ረገጡት። ጎድኑ ሲሰበር ድምፁን እትዬ ዘነቡ ከጓዳዋ ሰምታለች። ጥለውት ሲሄዱ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ዋንዛው ሥር ደረሰ፤ ግንዱን ይዞ ተነሣ፤ ቸርኬውን ሳያቋርጥ ይደበድብ ጀመር።

እኔ ጉግሳን ገፋሁት። በሁለት እጄ ደረቱን ገፍቼ ግባ አልኩት። በየበሩ እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን ትገፋለች። ሃያ ሳይቆጠር ወንዱ ሁሉ ሸለቆ ገባ፤ ጋራው ቢናድ መጀመሪያ የሚሞላው ቦታ ውስጥ። ሴቶቹና ሕፃናቱ በራችንን ዘግተን ተቀመጥን።

ይርጋ ይህን ከጉብታው ላይ ሆኖ ያያል። በመታ ቁጥር ሰዉ ወደ ሞቱ ይሮጣል። ዘንጉን ጣለው።

በእኛ ዘንድ ቤት ሲቃጠል እያየ ያልሮጠ ሰው እሱ የሞተ ቀን ለቅሶው ላይ የሚደርስለት የለም። ጠላትህም ቢሆን ባልዲህን ይዘህ ትሮጣለህ። ይርጋ ከአዳራሹ መጋዘን የማኅበሩን ጋዝ አወጣና የገዛ ጎጆውን ውስጡን አርከፍክፎ ለኮሰው። ክዳኑ እርጥብ ቢሆንም ማገሩና ቀርከሃው ደረቅ ነበር። እትዬ ዘነቡ ጓሮ ነበረች። ምንም አልነገራትም፤ እሪታዋ የእውነት እንዲሆን ነው።

የእውነት ነበር። ያቺ ሴት ቤቴ፣ ቤቴ እያለች ስትጮህ እኔ በሬን በርግጄ ወጣሁ። ጥቁር ጭስ ጉብታው ላይ ቆሟል። ከሸለቆው ወንዶቹ ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዱ ሌላውን ያያል፤ ከዚያ ሁሉም ሽቅብ ሮጠ። ሴቱ እንስራና ባልዲ ይዞ፣ ሕፃናቱ ከኋላ። ጉግሳ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ የሚነደውን ምሰሶ በመጥረቢያ እየመታ አገኘሁት።

ይርጋ የጋዙን ቆርቆሮ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ቆሟል። አንዱ አየው። እሱ ነው ያቃጠለው፣ ሊያስበላን ነው አለ። የአዳራሹን ጀርባ ማንም ዞሮ አላየም፤ ወታደር እንደሌለ ማንም አላጣራም። ወረድንበት። በዱላ፣ በባልዲ፣ በመጥረቢያ እጀታ መታነው። እየወደቀ ጋራውን በእጁ ያሳየናል፤ እኛ እጁን መትተን ሰበርነው። እኔ ድንጋይ አነሣሁ፤ ጨብጬው ሁለት ጊዜ ግራ ዓይኑ ላይ አወረድኩት። ስመታው የወንድሜን ስም እጠራ ነበር። ዓይኑ ሲፈስ ጣቴ ላይ ሞቀኝ።

ጋራው የወረደው ያኔ ነው። መጀመሪያ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ቀና ስንል ከመንደሩ በላይ ያለው ቁልቁለት ከነጉቶው እየተንሸራተተ ነው። ቤቶቹን በተርታ፣ በዚያ በታዘዝነው ቀጥ ያለ መስመር፣ አንድ በአንድ ወሰዳቸው። የእኔን ቤት በር ተነጥሎ በጭቃው ላይ ቆሞ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ ሸለቆው ሞላ። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ለጉግሳ ቅጠል ያነጠፍኩበት ጉድጓድ፣ ሁሉም ሲሰባበር ይሰማል። አንድ የሴት ድምፅ ከውስጡ ጮኸ፤ ወዲያው ተቋረጠ።

ዱላውን የጣለ ሰው አልነበረም፤ መያዛችንን ረስተነው ነው የቆምነው። ይርጋ በቀረችው ዓይኑ እኛን ሳይሆን ሸለቆውን ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ይቆጥር ነበር።

ሦስት ቀን ቆፈርን። አሥራ አንድ ሰው ሞተ፤ መነሣት ያልቻሉ ሽማግሌዎች፣ አንዲት አራስ ከነልጇ፣ እሳቱም ተንኮል ነው ብለው ከሸለቆው ያልወጡ ስድስት ወንዶች። ስድስቱን ስናወጣቸው አፋቸው በጭቃ ተሞልቶ ነበር። የሁለቱን ጭቃ በጣቴ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከፈለኝ ይርጋን የማኅበር ንብረት በማቃጠልና ሕዝብ በማሸበር ከሰሰው። ሦስት ዓመት ተፈረደበትና ዲላ እስር ቤት ወረደ። ለመመስከር ተነሥቼ ነበር፤ ዝም በይ ተባልኩ፤ ዝም አልኩ።

በየሁለት ሳምንቱ ከእትዬ ዘነቡ ጋር ቆጮ ይዘን ዲላ እንሄድ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ተሸክሜ የመጣሁትን ነገር አወጣሁት።

«ጋሽ ይርጋ፣ ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ስንት ሰው ወጣ?»

ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት አልኩት። የሞቱትን ስም በየተራ አስጠራኝ፤ በእያንዳንዱ ስም ራሱን ይነቀንቃል። እትዬ ዘነቡ ግን ስለ ቤቷ አልማረችውም፤ ምግቡን እያቀበለች ትነጫነጭበት ነበር። እሱም ደስ እያለው ይሰማታል። እኔ ያኔ ነው የወደድኩት።

ኅዳር ላይ፣ የተረፍነው በጋራው ሌላው ጎን ሥር እንደገና ከሰፈርን በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ጉብታው ላይ ጭስ ታየ። እሪታም ተሰማ። ጉግሳ ሥራውን ጥሎ ባልዲ አነሣ። እኔ አላስቆምኩትም፤ እንዲያውም ቶሎ በል አልኩት፤ ያን ቀን ያልሮጡትን ስድስቱን አስታውሼ ነው። የሚነደው ማንም የማይኖርበት አሮጌ ጎጆ ነበር። የለኮሱት የከፈለኝ ሰዎች ናቸው፤ የምትጮኸውንም ሴት አስገድደዋት ነው። ወታደሮቹ በዚህ ጊዜ መደበቅ አላስፈለጋቸውም። ጉግሳ በባልዲው አንዱን ፊቱን መትቶ ጣለው፤ እግሩን በጥይት መቱት፤ እየደማ ከሌሎቹ ጋር ጫኑት። ባልዲውን ተጨፍልቆ አገኘሁት።

ያን ጊዜ ብቻዬን ዲላ ሄድኩ። ይርጋ ፊቴን አይቶ ማን እንደሞተ ጠየቀኝ። ጉግሳ ተወሰደ አልኩት።

«በምን ጠሯቸው? በቸርኬው የሚወጣ የለም።»

«በእሳት» አልኩት።

ያልተሰበረ እጁን አንሥቶ ጥሩዋን ዓይኑን ሸፈናት። እኔ የቆጮውን ጥቅል እፈታለሁ፣ መልሼ እቋጥራለሁ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንደሚጠይቅ ተማሪ ነው የጠየቀኝ።

«ጋራው ገና አልጨረሰም፤ ያኔ ስዞር ሌላው ጎኑም ተሰንጥቆ አይቻለሁ። እንግዲህ ሲመጣ በምን እንጠራቸዋለን?»

ጠባቂው ሰዓት ሞልቷል አለ። የቆጮውን ጥቅል አቀብዬው ወጣሁ።